የአዋጁ ቃል አንድ፣ ሰሚው ብዙ
የጎጃም መሬትና የገዥዎች ውሳኔ፣ ከ1933 እስከ 1998 ዓ.ም.

መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ገቡ። በኦሜድላ በኩል ድንበር ከተሻገሩ ገና ሦስት ወር አልሞላቸውም፤ አዲስ አበባ ለመድረስም አንድ ወር ያህል ቀርቷቸዋል። ከጣሊያን ጋር ተሰልፈው የቆዩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት እዚያው ከተማ ለንጉሠ ነገሥቱ ገቡ። በበላይ ዘለቀ፣ በመንገሻ ጀንበሬ፣ በነጋሽ በዛብህና በኃይሉ በለው ሥር ሆኖ ዓመታት በዱር በገደል የተዋጋው የጎጃም አርበኛ ጠላቱ ሲወጣ፣ ንጉሡ ሲመለስ አየ። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ወደ ርስቱ ተመልሶ ማረስ ነበር።

ርስት በጎጃም ደጋ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መሬቱን ያቀና አባት አለ። ከእርሱ በአባትም ሆነ በእናት የትውልድ ሐረጉን መቁጠር የቻለ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል። ዛሬ ሁለት ማሳ የያዘ ሰው ነገ በአያቱ በኩል ሦስተኛ ሊጠይቅ፣ በሌላ ዘመዱ ክስ ደግሞ አንዱን ሊያጣ ይችላል። መሬቱ አይሸጥም፤ መብቱ ግን አይሞትም። በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን እንዳሳየው፣ የገበሬው ሀብት በእጁ ካለው ማሳ ይልቅ ወደፊት ሊጠይቅ ከሚችለው ድርሻ ጋር የተያያዘ ነበር። መሬቱ በአንድ ሰው ስም ተለክቶ ከተመዘገበ ይህ የመጠየቅ መብት ያበቃል።

ጎጃሜው መለካትን የሚፈራበት ሌላም ምክንያት ነበረው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በደቡብ አገር ቃላድ የተጣለበት መሬት ለወታደርና ለመንግሥት ተከፋፍሎ አራሹ ጭሰኛ ሆኖ መቅረቱን ሰምቷል። ስለዚህ ቃላድ የሚለው ቃል በሞጣም ሆነ በብቸና ጆሮ መለኪያ ገመድ ብቻ አልነበረም፤ ርስት መነቀልም ነበር።

የመጀመሪያው ግብር

ከነጻነት አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ የመሬት ግብር አዋጅ ወጣ። መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ እንዲመደብ ተወሰነ። በ1937 ደግሞ አስራት በገንዘብ ተተምኖ ተጨመረበትና ግብሩ በጋሻ ለለም 50፣ ለለም ጠፍ 40፣ ለጠፍ 15 ብር ሆነ። ሐሳቡ በአዲስ አበባ ሲታይ ቀና ነበር። ከጦርነት የወጣ መንግሥት ግምጃ ቤት ያስፈልገዋል፤ በየባላባቱና በየሹሙ እጅ የነበረው ግብር በአንድ ሕግ፣ በአንድ ተመን ለመንግሥት ይግባ ነው ነገሩ።

ጎጃም ግን ተመኑን ከመስማቱ በፊት ምደባውን ሰማ። ምደባ ካለ ልኬት አለ፤ ልኬት ካለ ቃላድ አለ። ሕዝቡ መሬቴን አላስለካም አለ፤ በየቦታውም መሣሪያ ተነሣ። መንግሥት ገና ጉልበቱ አልጠናም ነበርና ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ጎጃም ሳይለካ ከጣሊያን ወረራ በፊት ይከፍል በነበረው ልክ፣ በጥቅል እንዲከፍል ተስማማ። በዚያው ዘመን፣ በጥር 1937 ዓ.ም.፣ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ የነበረው በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ ሌላው የጎጃም አርበኛ፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዝዳንት የነበሩት ቢትወደድ ነጋሽ በዛብህ በንጉሡ ላይ በማሴር ተከሰው ታሰሩ።

እነዚህ ነገሮች በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ አብረው ተቀመጡ። ለጎጃሜው ከ1934ቱ ነገር ሁለት ትምህርት ቀረ። አንደኛ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ የግብር አዋጅ ከጀርባው ልኬት አለው። ሁለተኛ፣ እምቢ ካሉ መንግሥት ይመለሳል።

ድምፅ ያለ ምርጫ

በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ፤ በ1950 ዓ.ም. በሕዝብ የተመረጠ የመጀመሪያው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሥራ ጀመረ። ጎጃሜውም እንደ ሌላው ኢትዮጵያዊ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴ መረጠ። ነገር ግን የፖለቲካ ፓርቲ አይፈቀድም፤ ተወዳዳሪው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። መራጩ ሰውን ያውቀዋል፤ ሰውየው በግብር ላይ ምን እንደሚል የሚያውቅበት መንገድ ግን የለውም። በምርጫው አንዱን ተወዳዳሪ ከሌላው የሚለየው የዘር ሐረግና ዝና ነበር እንጂ የፖሊሲ አቋም አልነበረም።

ጠቅላይ ግዛቱን ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያስተዳደሩት ደጃዝማች ጸሐዩ እንቁ ሥላሴ ናቸው። እንደ ብዙዎቹ የጎጃም ገዥዎች ከሸዋ ተሹመው የመጡ ሰው ነበሩ። በዘመናቸው የጠመንጃ ምዝገባና ልዩ ልዩ መዋጮ በሕዝቡ ላይ ከበደ። ጠመንጃ ለጎጃም ገበሬ የወንድነት ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ በ1934 ቃላድን የመለሰለት እርሱ ነውና። አስመዝግብ ሲባል ምን ሊመጣ እንደሆነ ለመገመት ብዙ አልተቸገረም። አቤቱታ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ፤ ገዥው ግን ከቦታቸው አልተነሡም።

አዋጅ ቁጥር 255

በኅዳር 1960 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ተከራክሮ ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። አስራትን ሽሮ በእርሻ ገቢ ላይ የሚከፈል ግብር አቆመ። ከእንግዲህ ግብሩ በመሬቱ ስፋትና ዓይነት ሳይሆን ከእርሻው በሚገኘው ገቢ ልክ ይሆናል፤ ብዙ የሚያገኝ ብዙ፣ ጥቂት የሚያገኝ ጥቂት ይከፍላል። ገቢውን የሚገምት ኮሚቴ በየአካባቢው ይቋቋማል።

ይህን አንድ ጽሑፍ አገሪቱ በአራት ዓይነት አነበበችው። የገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎች ከእርሻ የሚገባው ግብር እጅግ ትንሽ መሆኑን እያዩ፣ ዘግይቶም ቢሆን የመጣ ማስተካከያ ነው አሉ። በምክር ቤት ውስጥ የነበሩ ባለ ርስቶችና ባለ መሬቶች ግብሩ ወደ እነርሱ የሚዞር መስሎ ስለታያቸው በክርክሩ አለዘቡት። በየካቲት 1957 "መሬት ለአራሹ" ብለው አደባባይ የወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ ባለ መሬቱን ሳይነቅል ግብሩን ብቻ የሚነካካ ጥገና ነው ብለው ናቁት። የጎጃም ገበሬ ግን ገማች ኮሚቴ የሚለውን ነጥሎ ሰማ። ገማቹ ወደ ማሳው ይገባል፤ ማሳው የማን እንደሆነ ይጽፋል፤ የተጻፈ መሬት የተለካ መሬት ነው።

እዚህ ላይ ልዩነቱን ከእውቀት ጉድለት የመጣ አድርጎ የሚያይ ይሳሳታል። በዚያን ጊዜ የመንግሥት መልስ ገበሬው አዋጁን ስላልተረዳ ነው የሚል ነበር፤ ቢያስረዱት ይቀበላል ተባለ። ነገር ግን ገበሬው አዋጁ ስለ ልኬት አንዳች አይልም ቢባል እንኳ የሚያሳምነው ምክንያት አልነበረም። አዋጁን የሚያስፈጽሙት እነዚያው ጠመንጃውን ያስመዘገቡት ሰዎች ናቸው። ሙግቱ ስለ አዋጁ ቃል ሳይሆን ቃሉን ስለያዘው እጅ ነበር።

በ1960 የበጋ ወራት ገማቾች ወደ ገጠር ሲወጡ ብዙ ቦታ ተከለከሉ። እምቢታው በሞጣ፣ በብቸናና በዳሞት በረታ፤ በሁሉም የጎጃም አውራጃዎች ግን እኩል አልነበረም። በአመፁ ውስጥም አንድ ልብ አልነበረም። አንዳንዱ አቤቱታ ጽፎ ሽማግሌ ልኮ አዲስ አበባ ደጅ መጥናትን መረጠ። አንዳንዱ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ። የአካባቢው ታላላቆች ገሚሱ መሪ ሆነ፤ ገሚሱ ከመንግሥት ጋር ቆመ፤ ሌላው በሁለቱ መካከል አስታራቂ ለመሆን ሞከረ። ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ከመንግሥት ደመወዝ የሚበላው ሰው እና ሞጣ ላይ የአያቱን ማሳ የሚያርሰው የአክስቱ ልጅ ስለ አንዱ አዋጅ ሁለት ነገር ተናገሩ።

ከሁሉ በላይ ያከራከራቸው ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ነበር። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" የሚል ሕዝብ ንጉሡን ከፊቱ አቁሞ አይወቅስም። አቤቱታዎቹ በጸሐዩ ላይ ያተኮሩት በዚህ ነው፤ ገዥው ይነሡልን፣ ግብሩ ይቅርልን አሉ። ይህ አነጋገር ንጉሡን ከውሳኔው ይለያል። ንጉሡ አላወቁም፣ ቢያውቁ አያደርጉትም ለሚለው ሰው መፍትሔው አቤቱታ ነው። አዋጁ ከራሳቸው ነው ለሚለው ሰው ግን አቤቱታ ከንቱ ነው፤ የቀረው ጠመንጃ ነው። በአንድ መንደር ውስጥ አቤት ባይና ሸፋች የተለያዩት ስለ ግብሩ ባላቸው ሐሳብ አይደለም፤ ሁለቱም ግብሩን አይፈልጉም። የተለያዩት ከማን ምን ይጠበቃል በሚለው ነው።

መንግሥት መጀመሪያ ሽማግሌና መልእክተኛ ላከ፤ ከዚያ ፖሊስና ጦር። በ1960 ክረምት የአየር ኃይል አውሮፕላኖች መንደሮችን ደበደቡ። አመፁ ግን አልበረደም። በነሐሴ 1960 ጸሐዩ ከጎጃም ተነሥተው ከፋን እንዲገዙ ተሾሙ፤ ደጃዝማች ደረጀ መኮንን ደብረ ማርቆስ ገቡ። በተከታዩ ዓመት ለዓመታት ተከማችቶ የነበረው ውዝፍ ግብር ተሰረዘ። አዲሱ ግብርም በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ።

ይህን ውጤት ሁለቱም ወገን እንደ ድሉ ቆጠረው። አቤት ባዩ ንጉሡ ሰሙን፣ ገዥውን አነሡልን አለ። ሸፋቹ ጠመንጃ መለሰልን አለ። ጸሐዩን በተመለከተ ግን ጉዳዩ በጎጃም አልቆመም፤ በ1966 የአብዮቱ ማዕበል ሲነሣ የጅማ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ገዥው ይነሡ አለ።

ነጻ የሚያወጣው ያጣ አዋጅ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን አውርዶ ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግ፣ የገጠርን መሬት የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 31 አወጀ። አዲስ አበባ በሰልፍ ተጥለቀለቀች፤ በደቡብ ጭሰኛው ከባለ መሬቱ ተላቀቀ። በጎጃም ደጋ ግን አብዛኛው ገበሬ የሚላቀቀው ባለ መሬት አልነበረውም። እርሱ ራሱ ርስተኛ ነው። አዋጁ ራሱ ይህን ያውቅ ነበርና ለርስት አካባቢዎች ለብቻው ምዕራፍ ነበረው፤ ገበሬው በእጁ ያለውን እያረሰ እንዲቀጥል ፈቀደ፤ የዘር ሐረግ ቆጥሮ አዲስ ድርሻ መጠየቅ ግን ቀረ።

ደርግ ወደ ገጠር የላካቸው ተማሪዎች፣ የእድገት በኅብረት ዘማቾች፣ ወደ ጎጃም ሲገቡ ለነጻነት የመጡ መስሏቸው ነበር። ብዙ ቦታ የጠበቃቸው ጥርጣሬ ነው። ሆኖም ጎጃም በሙሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። የትውልድ ሐረግ የሌላቸው፣ በሸማ፣ በሸክላና በቆዳ ሥራ የሚተዳደሩ፣ ከሌላ አካባቢ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸው ማሳ አገኙ። የርስተኛው ልጅ ስለ ደርግ አዋጅ ሲናገር የአያቱን መሬት ያስታውሳል፤ የሸማኔው ልጅ ደግሞ አባቱ መጀመሪያ ያረሰበትን ዓመት። አንዱን ውሳኔ አንደኛው መነጠቅ ሲለው ሌላው ሰው መሆን አለው። ዓመታት ባለፉ ቁጥር የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር መሬትም ኮታም ምልምልም የሚወስን ሰው ሆነ፤ መሬት ሲደለደልም ለራሱና ለወዳጁ የተሻለውን መረጠ የሚል ቅሬታ በየመንደሩ ተሰማ። ይህ ቅሬታ አሥርት ዓመታት ቆይቶ ሕግ ሆኖ ተመለሰ።

1989፦ በጎረቤት መካከል

ደርግን ሲዋጋ የነበረው ኢሕአዴግ በየካቲት 1983 በዘመቻ ቴዎድሮስ ጎጃም ገባ። በወሎና በሰሜን ጎንደር በጦርነቱ ጊዜ በያዛቸው አካባቢዎች መሬት አደላድሎ ነበር፤ በጎጃም ግን የደርግ ዘመኑ ድልድል እንዳለ ቀረ። በግንቦት 1987 ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ባልተሳተፉበት ምርጫ የአማራ ክልል ምክር ቤት ተመረጠ፤ የኢሕአዴግ አባል ድርጅት ብአዴን ተቆጣጠረው። የክልሉ ፕሬዝዳንት አዲሱ ለገሠ ነበሩ። ምክር ቤቱ በ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል አዋጅ ቁጥር 16 አወጣ፤ ከየካቲት ጀምሮም በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም፣ በሰሜን ሸዋና በሌሎች አካባቢዎች ድልድሉ ተፋጠነ።

አሠራሩ ገበሬውን በምድብ ከፋፈለ። በንጉሡ ዘመን ባላባት የነበሩ "ርዝራዥ ፊውዳል"፣ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር አመራር የነበሩ "ቢሮክራሲ" ተባሉ፤ ለእነዚህ ቢበዛ አንድ ሄክታር፣ ማለትም አራት ጥማድ፣ ተተወላቸው። ለሌላው ገበሬ ጣሪያው ሦስት ሄክታር ሆነ። የተረፈው መሬት ለሌላቸው፣ በተለይ ከደርግ ድልድል በኋላ ለአደጉ ወጣቶችና ለሴቶች እንዲሰጥ ታሰበ።

እዚህ ላይ ነው የጎጃም ክርክር መልኩን የለወጠው። በ1960 አብዛኛው ርስተኛ በአንድ ወገን፣ መንግሥት በሌላ ወገን ቆሞ ነበር። በ1989 ግን መስመሩ በአንድ አጥር ግቢ ውስጥ አለፈ። አባቱ ቢሮክራሲ ተብሎ የተቀነሰበት ወጣት ራሱ መሬት አልባ ሆኖ ድልድሉን የሚጠብቅ ሊሆን ይችላል። ከባሏ የተፋታች፣ በወንድሞቿ ማሳ ጥግ የምትኖር ሴት በስሟ መሬት ስትቀበል፣ ጎረቤቷ አስተዳዳሪ ሆኖ ስላገለገለ ብቻ ለልጆቹ የሚተወውን ያጣል። ቢሮክራሲ የሚለው ምድብም ከባዱን ሊቀመንበር ከቀላሉ አልለየም። ደርግ በግድ አስመርጦት አንድ ዘመን ያገለገለም፣ በሥልጣኑ የበለጸገም እኩል አራት ጥማድ ቀረለት።

ስለዚህ ፍትሐዊ ነው አይደለም የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ሁለት መልስ ነበረው፤ ሁለቱም መልስ እውነት አለው። ያገኘው ሰው መሬት የሌለው ሰው ሰው አይደለም ይላል፤ ያጣው ሰው ትናንት የተሰጠኝን በስም ምክንያት ለምን ተነጠቅሁ ይላል። አወሳሰኑን በሚመለከት ግን ሁለቱም አልተጠየቁም። ምድቡም ሆነ የሄክታሩ ጣሪያ የተወሰነው ከላይ ነው፤ የቀበሌው ስብሰባ የማን ስም በየትኛው ምድብ ይግባ ብሎ ከመከራከር አላለፈም።

ያጡት ሰዎች እንደ አባቶቻቸው አደረጉ። ከክልሉ በላይ ወዳለው ሄዱ። በመጋቢት 1989 ብዙ የጎጃም ገበሬዎች አቤቱታ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ በ1960 ጸሐዩን ከንጉሡ እንደለዩት፣ አሁን ክልሉን ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ መንግሥት ለይተው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ድልድሉን በመቃወም ሰልፍ ወጡ፤ ብዙዎቹም ታሰሩ። በ1957 መሬት ለአራሹ ያለው ግቢ፣ ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ መሬት የሚያከፋፍልን መንግሥት ተቃወመ። ተማሪው መሬት ለሌለው መሰጠቱን ጠልቶ አይደለም፤ የተሰጠበትን መንገድ ነው የተቃወመው። የጎጃም አቤት ባዮች ግን የ1961ዱ ዓይነት ምሕረት አላገኙም። ድልድሉ ተፈጸመ።

የምርጫ ካርድና የመሬት ደብተር

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ጎጃሜው በእውነተኛ ውድድር ሲመርጥ የመጀመሪያው ነበር ቢባል ብዙ አያስነቅፍም። መሬት በዚያ ዘመን በቴሌቪዥን ከተካሄዱት ክርክሮች ዋና ዋና ርዕሶች አንዱ ነበር። ኢሕአዴግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ይቆይ ሲል፣ ተቃዋሚው ቅንጅት የግል ባለቤትነትን ደገፈ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ስለ ኢኮኖሚ የተነሣ ክርክር ነበር። በጎጃም ደጋ ግን እያንዳንዱ ቃል ከ1989 ጋር ታሰበ። በድልድሉ መሬት ያገኘ ሰው የግል ይሁን ሲባል የቀድሞው ባለ መሬት ይመለስብኛል ብሎ ሊሰጋ ይችላል፤ የተቀነሰበት ሰው ደግሞ የመንግሥት ይሁን ሲባል ነገም ይቀንሱብኛል የሚል ይሰማዋል። ሁለቱም የፈሩት አንድ ነገር ነው፤ ሌላ ድልድል። ፍርሃቱ አንድ ሆኖ ሳለ ወደ ሁለት ሳጥን ሊመራቸው የሚችለው እያንዳንዱ ድልድል ሲባል የማንን ድልድል እንደሆነ በየራሱ ስለሚያስታውስ ነው።

መንግሥትም ይህን ፍርሃት ያየው ይመስላል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል መሬት እየተመዘገበ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለገበሬው ይሰጥ ጀመር። በ1934 በጠመንጃ የተመለሰው ምዝገባ አሁን በየቀበሌው ተካሄደ፤ ገበሬው ወረፋ ይዞ ደብተሩን ተቀበለ። ምዝገባ ከመነጠቅ ጋር ሳይሆን ካለመነጠቅ ጋር ሲያያዝ የዚያው ገበሬ የልጅ ልጅ በፈቃዱ አስመዘገበ። ይህን የለወጠው ትምህርት ወይም ቅስቀሳ አይደለም። በ1989 ያየው ያልተጻፈ መሬት በቀላሉ እንደሚነካ አሳይቶታል።

በ1998 ዓ.ም. ክልሉ አዋጅ ቁጥር 133 አወጣ። ከእንግዲህ በአንድ አካባቢ መሬት እንደገና የሚደለደለው ከባለ ይዞታዎቹ ቢያንስ 80 በመቶው ሲስማማ ነው ተባለ። ይህ አንቀጽ ከስልሳ ዓመት ሙግት የተወሰደ ትምህርት አለበት። በ1934ም፣ በ1960ም፣ በ1967ም፣ በ1989ም ሕዝቡ ስለ ውሳኔው ተከራከረ፤ ሁልጊዜ ግን ከውሳኔው በኋላ። አቤቱታው፣ ሽፍትነቱ፣ ሰልፉ ሁሉ የዘገየ ድምፅ ነበር፤ ዘግይቶ ሲመጣ ደግሞ መጥፎ ትዝታንና ቂምን ይዞ ነው የሚመጣው። 80 በመቶው የሰዎችን ልዩነት አያጠፋም። የተቀነሰበትና ያገኘው ነገም ይለያያሉ፤ ልዩነታቸው የሚቆጠረው ግን አውሮፕላን ሲመጣ ወይም አዲስ አበባ ደጅ ሲጠኑ ሳይሆን ማሳው ከመነካቱ በፊት ነው። አንቀጹ በሥራ ሲፈተን ስሙን የሚጽፈው ማን እንደሆነና ቆጠራውን የሚያደርገውን እጅ ማን እንደሚያምነው ዋናው ጉዳይ ሆኖ ይቀራል፤ በሞጣ በ1960 የተጠየቀውም ይኸው ነበር።